እኔ በመኪና፣ አባቴ በእግር

ከእስቴ ተነስቶ ጋይንት ለመድረስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይወስናል፤ ጉናን ይዞራል ወይስ ያቋርጣል? መኪና ተራራውን ይዞራል። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ እዚያ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ፣ ከዚያ በተራራው ሰሜናዊ ጎን በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ፣ ከነፋስ መውጫ እንደገና ሌላ መኪና ይዞ ወደ ታች አርብ ገበያ። መኪናው ካልተበላሸ፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ ሾፌሩም ምሳ ልብላ ብሎ ካልጠፋ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እግር ደግሞ ተራራውን ወጥቶ ይወርዳል። የቸኮለ ይዞራል፣ ያልቸኮለ ያቋርጣል፤ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ የቸኮለውም ያልቸኮለውም እግሩን ያያል።

እኛ ቤት ግን ይህ ነገር የመንገድ ጉዳይ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የእኔ ጉዳይ ነው።

አባቴ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ገብስና ባቄላ እያመረቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። እኔ ከተማው ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም፣ የሚቀጥለው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ስለሚመዘዝ ነው።

ልጄን የወለድኩ ዕለት ደሜ አልቆም አለ። አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ደብረ ታቦር ስወሰድ አባቴ አብረው ሊገቡ ፈለጉ፤ ቦታ የለም ተባሉና ቀሩ። አምቡላንሱ ሲርቅ ፊታቸውን ወደ ጉና አዞሩ። ከጉና ወዲያ ጋይንት አለ፤ ጋይንት ውስጥ የእመቤታችን ደብር ቤተ ልሔም አለች። እዚያው መንገዱ ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው፣ «እመቤቴ፣ ልጄን ከመለስሽልኝ ከደጄ ተነስቼ፣ ጉናን አቋርጬ፣ በእግሬ መጥቼ ቤተ ልሔም እሳለምሻለሁ» ብለው ተሳሉ።

እኔ ተመለስኩ። ስለቱ ግን ሳይደርስ ቆየ።

በእኛ ዘንድ በእግር የተሳለ በእግር ነው የሚያደርሰው። በቅሎ ላይ ለአፍታ የተቀመጠ፣ የጭነት መኪና ላይ የተንጠላጠለ፣ ስለቱ ፈረሰበት፤ ተመልሶ ከደጁ ይጀምራል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም። የንስሐ አባታችን እንኳ መጽሐፍ ላይ አላየሁትም ይላሉ። አባቴ ግን መጽሐፍ ላይ ስላለመኖሩ ተጨንቀው አያውቁም። የሚጨንቃቸው ጉልበታቸው ነበር። አንዱን ዓመት መንገዱ አላስኬድ አለ፤ ሌላውን ዓመት ጉልበታቸው አበጠ። ስለቱን ሳያደርሱ ቢሞቱ የውሸት ሰው ሆነው እንደሚቀርቡ ያምናሉ። ይህንን ሲያስቡ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔ ገብቼ ሰላም ስላቸው በፍጥነት ይደብቁታል። መድማቴ የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ ለተማሪ እንደማስረዳ እየደጋገምኩ። አልገባኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እቤቴ መጥተው ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳለ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። በረዶ የሞላው የፈረንጅ አገር ተራራ ነው። ሰዎች በሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጠው፣ እግራቸውን እያወዛወዙ ወደ ላይ ይሄዳሉ። አባቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«እንዲህ ሆነው ነው የሚወጡት?»

«አዎ።»

«ወጥተውስ ምን ይሠራሉ?»

«እግራቸው ላይ እንደ ጣውላ ያለ ነገር አስረው እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ።»

«ከወረዱ በኋላስ?»

«እንደገና በወንበሩ ይወጣሉ።»

ስልኩን እንደገና አዩት። «ታዲያ ከላይ የሚሳለሙት የለም?»

«የለም፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ጤና ይስጣቸው» አሉና እየሳቁ ስልኩን መለሱልኝ። ልጄ በሳቃቸው ደንግጣ ቀና ብላ አየቻቸው። እኔም ሳቅ ሳቅ እያለኝ፣ ጉናም እንዲህ ያለ ወንበር ቢኖረው ስለትዎ በአንድ ቀን ባለቀ አልኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። «ወንበር እግር አይደለም» አሉ። ቀጥለውም ግንቦት ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይጠና ሊሄዱ እንዳሰቡ ነገሩኝ፤ ጉልበታቸው ከዚህ በላይ እንደማይጠብቃቸውም ጨመሩ።

«እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንቺ? ከትምህርት ቤት ቤትሽ በባጃጅ የምትመላለሺው?»

ቁጡ ነኝ፤ ይህንን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። እንደዚያ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። እንደዚያ ካሉኝ በኋላ ግን ጉናን በእጄ ድኼም ቢሆን ካላቋረጥኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ለእኔ የተሳሉትን ስለት ብቻቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈተና አላርምም አልኩ። ልጄን ለባለቤቴ ትቼ፣ በሶ አስፈጭቼ፣ አዲስ ስፖርት ጫማ ገዝቼ ተነሳሁ። አባቴ ጫማውን አይተው «ያምራል» ብቻ አሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሄድን፤ ከተራራው ሥር አንድ ዘመድ ቤት አደርን። በማግስቱ ሽቅብ ጀመርን። ገብሱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ቀረ። ከዚያ ጓሳ ሣርና ጅባራ ብቻ ሆነ። ወደ አርብ ገበያ አህያ የሚነዱ ሰዎች ከኋላችን እየመጡ፣ ሰላም እያሉን ያልፉናል። ተረከዜ ተልጦ ነበር፤ እሱን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ጭንቅላቴን ነው። አንድ ሰው በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይዞ የሚጨምቀኝ መሰለኝ። አባቴ እርምጃቸውን ለእኔ ብለው አዘገዩ።

«እንረፍ?» ይሉኛል።

«ምን ሆኜ?» እላቸዋለሁ።

ራሴን አሞኝ ሆዴ እየተገለበጠ «ምን ሆኜ» ማለቴ ምን ይባላል? አፍሬ ነበር። እዚያ ላይ ደክሞኛል ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ገና ጊዜ ነበረን፤ ወደ እስቴ በኩል ወደ ዘመዳችን ቤት መመለስ ይቻል ነበር። ግትርነቴ ጫፉ ድረስ ገፋኝ። ጫፉን አልፈን ወደ ጋይንት በኩል ስናዘቀዝቅ አስመለሰኝ። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፣ አስመልሳለሁ። በመጨረሻ ዓይኔ ላይ ጨለማ ወርዶ ጓሳው ላይ ተዘረርኩ። አባቴ ጋቢያቸውን አልብሰውኝ ከአጠገቤ ተንበርክከው፣ ቃል በቃል የማላስታውሰውን ጸሎት እየደገሙ ቆዩ።

ከታች እስከዚያ ድረስ የሚመጣ ጥርጊያ መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ አንድ ሞተረኛ መጣ፤ የከብት መድኃኒት ለተራራው ሰዎች አድርሶ የሚመለስ ወፈር ያለ ሰው። አባቴ መንገዱ መካከል ቆመው አስቆሙት። አየኝ፤ ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ከፍታው ነው። ቶሎ ካልወረደች ይብስባታል። እኔ አወርዳታለሁ፤ ግን ከኋላ ሆኖ የሚይዛት ያስፈልጋል። እንዲህ ሆና ብቻዋን ከኋላዬ ብትቀመጥ ቁልቁለቱ ላይ ትወድቅብኛለች።»

አባቴ የለበስኩትን ጋቢ ጫፍ ያዙ። ከዚያ፣ «በጋቢ ከአንተ ጋር ጥፍር አድርጌ ባስራትስ?» ሲሉ ሰማሁ።

«አባቴ፣ ሴትዮዋ እኮ ጆንያ አይደለችም!»

አባቴ ወደ ታች አዩ። ቀኑን ሙሉ የወጡትን ወጥተውታል፤ የቀራቸው ቁልቁለቱ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡና እኔን ደግፈው አስነሱኝ። ከሞተረኛው ኋላ አስቀመጡኝ፣ ራሳቸው ከኋላዬ ወጡ፣ በሁለት እጃቸው ወገቤን ያዙኝ። እግራቸውን የሚያሳርፉበት አልነበረም፤ መሬት እንዳይነካ አጥፈው በአየር ላይ ያዙት። «በል ሂድ፣ ልጄ» አሉት።

ይውረዱ፣ እኔ እችላለሁ ልላቸው ይገባ ነበር። ሕመሙ አፌን ይዞት ነው ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ። ውሸቴን ነው። አፌ አልተያዘም። እንዳይለቁኝ ፈርቼ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ ጭንቅላቴ እየቀለለ መጣ። እንዲያውም የሚያናድደው ይኸው ነው፤ አርብ ገበያ ደርሼ ክኒን ውጬ፣ አንድ ሌሊት ተኝቼ፣ ጠዋት እንቁላል ጥብስ አምሮኝ ተነሳሁ። ለሞት የሚያበቃ ነገር ቢሆንብኝ ምናልባት ነፍሴ ትረጋ ነበር። በማግስቱ ቤተ ልሔም ሄድን። ከቅጥሩ ወዲህ አባቴ ቆሙ።

«አይገቡም?» አልኳቸው።

«ከዚህ እሳለማለሁ።»

«እዚህ ድረስ መጥተው?»

«እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው የመጣሁት» አሉ። «ባለ ስለቱ ገና አልመጣም።»

ከውጭ ሰግደው ተመለሱ። ወደ አገራችን የተመለስነው በመኪና ነው፤ ጉናን ዞረን። አባቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ተራራውን ሲያዩ ዋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ይኼ ሁሉ መዞር!» አሉ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ለእኔ ክፉ ነበር። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ መልስ ነበረኝ፤ አዘጋጅቼው ነበር። ይልቁንም ለሰው ሁሉ የእኔን ጉብዝና ያወራሉ፤ «ጫፉ ድረስ እኮ በእግሯ ወጣች» እያሉ። በዚህ መካከል ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ኮረብታ መውጣት ጀመሩ። ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። እሑድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ይህንን አያለሁ። ቅባት ገዝቼ እወስድላቸዋለሁ። ቅባት! ሌላ ምን ልውሰድ?

አንድ ቀን ነገሩን ልጨርሰው ብዬ የንስሐ አባታችንን ይዤ ሄድኩ። ቄሱ ከአባቴ በዕድሜ ያንሳሉ፤ አባቴ ግን መስቀላቸውን ተሳልመው ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሏቸው ቄሱ፣ «እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው። ታማ የወደቀች ልጅዎን ጥለው ይሂዱ ነበር? ስለትዎ ደርሷል። ይተዉት።»

«እሺ፣ አባቴ» አሉ አባቴ።

እፎይ አልኩ። ቄሱን ሸኝቼ ስመለስ አባቴ ዱላቸውን ጫፉን በቢላ እየጠረቡ አገኘኋቸው። «መልካም ሰው ናቸው» አሉኝ ስለ ቄሱ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። የአባቴ «እሺ» ማለት ወሬው አበቃ ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት እንዳልሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ታዲያ ጓሳው ላይ ጥለውኝ ቢሄዱ ይሻልዎ ነበር?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ቢላውን አስቀመጡ። እንዲህ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ምን ነካሽ? ሞተሩ ላይ በመቀመጤ መቼ ተጸጸትኩ? ያን ቀን ያንቺን አደረስኩ። አሁን የእመቤቴን ላድርስ።»

 ዓይኔን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጥቼ ሥራ ፈለግሁ፤ ድንጋይ አነሳሁ፣ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ስለቱ አልተከራከርኩም።

ዘንድሮ ግንቦት ሲገባ አባቴ ከአህያ ነጂዎች ጋር ተስማሙ። ለአርብ ገበያ እህል ከሚያሻግሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያቋርጣሉ። እኔን ጠርተው «አንቺ በመኪና ዙሪና ደጇ ላይ ጠብቂኝ» አሉኝ። የተናገሩት በደግነት ነው። እኔ ደግሞ ለመከራከር ፊት አልነበረኝም።

እሳቸው በወጡ በማግስቱ፣ ጫፉን ያልፋሉ በተባለበት ቀን፣ እኔ ከመካነ ኢየሱስ ተሳፈርኩ። ደብረ ታቦር ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ፤ እንደ ዕድል በስተቀኝ በመስኮት በኩል ቦታ አገኘሁ። ወንበሩ ይመቻል። የዚያን ቀን እንደዚያ ወንበር የጠላሁት ነገር የለም። ተራራው ከቀኜ አልጠፋም፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ሌላ ጎኑን እያሳየኝ ይሄዳል። እዚያ ላይ የሆነ ቦታ አባቴ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ዓይኔን ከመስኮቱ አለመንቀሌን አይታ ኖሮ፣

«እዚያ ላይ ሰው አለሽ?» አለችኝ።

«አባቴ አሉ። ስለት ሊያደርሱ ነው።»

«በእግራቸው?»

«በእግራቸው።»

«የታደሉ» አለች። መልሳ እኔን አየችኝ፤ አንቺስ ምነው በመኪና ልትለኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በሆዴ።

ከክምር ድንጋይ አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሰማዩ ጠቆረ። ተራራው በአንድ ጊዜ ከዓይኔ ጠፋ። ቀጥሎ በረዶው ወረደ። የሚኒባሱን ጣሪያ ሲደበድበው የምንነጋገረውን መስማት አቃተን። መንገዱ ወዲያው ነጭ ሆነ። ከፊታችን የሚሄድ መኪና ተንሸራትቶ ወደ ጎን ዞረና ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። የእኛ ሾፌር ፍሬኑን ያዝ ሲያደርገው እኛም ተንሸራተትን። ሴቶቹ እመቤቴን ጠሩ። መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ የድንጋይ ክምር ተደግፎ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ከጎማው ሥር አፈርና ጠጠር እየረጩ፣ እየገፉ ወደ መሐል መለሱት። እኔ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር። የአባቴን ቁጥር እደውላለሁ፤ የምትናገረዋ ሴትዮ አሁን ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። መልሼ እደውላለሁ። ስለ ገደሉ አላሰብኩም። ያ በረዶ ሜዳው ላይ፣ መጠለያ በሌለበት፣ እሳቸው ላይ ሲወርድ ነበር የሚታየኝ። እኔን ብለው የወጡበት ተራራ ሊገድላቸው ነው አልኩ። ያቺ ሴት መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው አስገባችኝ።

አርብ ገበያ የደረስኩት ሲመሽ ነው። አልጋ ቤት ገብቼ ተኛሁ ለማለት ያህል ተኛሁ። ጠዋት በባጃጅ እስከሚወስደኝ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ተጉዤ ቤተ ልሔም ደጅ ደረስኩ። ከቅጥሩ ውስጥ የድጓ ዜማ ይሰማል። አጥሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ። የመጣ ሰው ሁሉ ከሩቅ አባቴን ይመስለኛል፤ ሲቀርብ ሌላ ይሆናል። አንድ መነኩሴ አልፈው ሄዱ፣ ሁለት ሴቶች ውኃ ተሸክመው አለፉ። ፀሐዩ ሲበረታ ከታች በኩል አንድ ሰው ዱላ ተመርኩዞ፣ በአንድ እግሩ እየከበደ መጣ።

አባቴ ነበሩ። አላዩኝም ማለት አልችልም፤ አይተውኛል። ግን አልቆሙም። በአጠገቤ አልፈው ገቡ። እየተነሱ እየሰገዱ ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለሙ፤ ግንባራቸውን ደፉ፤ አልነሳ አሉ። እንዲያ ሆነው ብዙ ቆዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አለቀስኩ። ከወለድኩ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳልኝ በእውነት ታወቀኝ። አበቃ፣ አልኩ። አባቴ ከእኔ ነፃ ወጡ አልኩ።

ወጥተው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ፊታቸው በራ። በሶ በጠበጥኩላቸው፤ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ አሁን ብሞትም ግድ የለኝም አሉ። ተቆጣሁ፤ ሳቁ። ልብሳቸውን ነካሁት፤ ደረቅ ነው፤ አቧራ እንጂ ጭቃ የለበትም።

«በረዶው የት አገኛችሁ?» አልኳቸው።

«የምን በረዶ?»

«ትናንት የወረደው!»

«እኛ ላይ ጠብ አላለም። እንዲያውም ፀሐዩ ነው ያቃጠለን።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደመናው ሁሉ ባንቺ በኩል ነበር፣ ልጄ።»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ የመኪናው መንገድ ያለበት ጎን ጠቁሮ አዩት። መብረቁ እዚያ ሲወርድ ተመለከቱ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ እንደምሆን ገምተዋል። አብረዋቸው ያሉት ሰዎች እንሂድ፣ እንሂድ ሲሏቸው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግሬ አልታዘዝ አለኝ ብለዋቸዋል። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ላይ አንስተው ዞሩ፤ አይሠራም። ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አያዩም ነበር፤ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ ነው። ገባኝ። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«አባዬ፣ አላደረጉትም።»

መሬቱን መጫራቸውን ቀጠሉ።

«አላደረግኩትም ይበሉኝ እንጂ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እዚያ ተቀምጬ ሌላ ምን ነበረኝ?» አሉ። «ልጄ ከዚያ መኪና በደህና ወርዳ ደጅሽ ላይ ካገኘኋት ደግሜ መጥቼ እሳለምሻለሁ አልኩ። አልኩ፤ አለቀ።»

«ከደጅዎ ተነስተው?»

«ከደጄ ተነስቼ።»

«ይህን ጉልበት ይዘው፣ በእግር?»

ጥያቄዬ አስገረማቸው። «ታዲያ በምን?» አሉኝ።

ብዙ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ልጮህባቸው፣ ቄሱን ልጠራባቸው፣ እንዲያውም ተመልሰው ገብተው ይቅር በይኝ እንዲሏት ልለምናቸው። ደጋግመው እያዩኝ ነበር፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ፣ አንድ ነገር ጎድሎብኝ እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ምንም አልጎደለብኝም። ስለታቸው ሰምሮ፣ አንዲት ጭረት ሳትነካኝ ፊታቸው ተቀምጬ ነበር።